የሁለቱ ልጆች የታሪክ ደብተር ለምን ተለያየ?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ሴቷ ልጄ አዲስ አበባ ውስጥ የመንግሥት ትምህርት ቤት 8ኛ ክፍል ናት። የእህቴ ልጅም 8ኛ ክፍል ነው፤ እሱ የሚማረው ግን ለገጣፎ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ቡና እያፈላሁ ሁለቱ በአዲስ አበባ ጉዳይ ተጣሉ። እሷ ‹ከተማዋን የቆረቆሯት እቴጌ ጣይቱ ናቸው› አለች። እሱ ‹ስሟ ፊንፊኔ ነው፣ የኦሮሞ መንደር ነበረች› አለ። ሁለቱም ‹መጽሐፋችን ነው የሚለው› ብለው ደብተር አመጡልኝ። እውነትም የተጻፈው የተለያየ ነው። ትልቁ ልጄ ደግሞ 10ኛ ክፍል ነው፤ የታሪክ መምህሩ የራሱን ፖለቲካ እንደሚያስተምራቸው ይነግረኛል። ትክክለኛው ታሪክ የትኛው ነው? ተበድሬም ቢሆን ልጆቼን ወደ ግል ትምህርት ቤት ላዛውራቸው?»

ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ ገንዘብ የሚያስወጣዎት እሱ ነውና። አያዛውሯቸው። በዚህ ምክንያት አንድ ብር አይበደሩ። ዓለም አቀፍ የሚባሉት ጥቂት ትምህርት ቤቶች ሲቀሩ፣ የግሉም የሚያስተምረው የመንግሥትን ሥርዓተ ትምህርት ነው። ልጅዎ የ8ኛ ክፍልን ፈተና ስትፈተን፣ የግል ትምህርት ቤት ተማሪዋም ያንኑ ጥያቄ ነው የምትሠራው። 12ኛ ክፍልም እንደዚያው ነው። የግል ትምህርት ቤት የተማሪ ቁጥሩ አነስ ያለ ክፍልና የተሻለ ክትትል ሊሰጥዎት ይችላል። ሌላ ታሪክ ግን አይሰጥዎትም።

ቀጥሎ አንድ ነገር ላርም። ልጆቹ «መጽሐፋችን» ብለው ያመጡልዎት ደብተር ነው። ደብተርና መጽሐፍ አንድ አይደሉም። ደብተር ላይ ያለው መምህሩ ሰሌዳ ላይ የጻፈው ኖት ነው። መምህሩ ከመጽሐፉ ያሳጥራል፣ ከራሱ ይጨምራል፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት ያዘጋጀውን የቆየ ኖት ይገለብጣል። ልጁ ደግሞ ጽፎ ሳይጨርስ ሰሌዳው ይጠፋበታል። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ ሲውል የታተመ መጽሐፍ በጊዜው ስላልደረሰ፣ ብዙ ተማሪ የተማረው ስልክ ላይ በተጫነ ፒዲኤፍ ነው። ስልክ የሌለበት ቤት ልጅ ኖቱን ብቻ ይዞ ቀረ። በብዙ ክፍል ውስጥ ያ ልማድ አልለቀቀንም፤ ኖቱ መጽሐፍ ሆኗል። ስለዚህ «ትምህርት ቤቱ ያዘነበለ ታሪክ ያስተምራል» ከማለትዎ በፊት አንድ ነገር ይለዩ። ያዘነበለው መጽሐፉ ነው፣ ኖቱ ነው፣ ወይስ የልጁ አሰማም? የሦስቱ መፍትሔ ለየቅል ነው።

መጽሐፉን የሚያዘጋጀው ማን እንደሆነም ማወቅ ይጠቅማል። እስከ 8ኛ ክፍል ያለውን መጽሐፍ በፌዴራል ደረጃ በወጣ ማዕቀፍ ላይ ተመሥርተው የሚያዘጋጁት ክልሎችና የከተማ አስተዳደሮች ናቸው። የልጅዎ መጽሐፍ የአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ነው። የእህትዎ ልጅ መጽሐፍ የኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ ነው። በሁለቱ ልጆች ትምህርት ቤት መካከል ያለው መንገድ በእግር የሚሄዱት ሊሆን ይችላል፤ መጽሐፎቻቸው ግን የሁለት ቢሮ ሥራ ናቸው። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ግን የትምህርት ሚኒስቴር መጽሐፍ ነው። የትልቁ ልጅዎ የታሪክ መጽሐፍ ጎንደርም፣ ነቀምትም፣ ጅግጅጋም ያው ነው። እሱ ክፍል ውስጥ ልዩነት ካለ ከመጽሐፉ ሳይሆን ከአስተማሪው የመጣ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ጠቡ። ልጆቹ የተጣሉት ሁለት እውነት ይዘው ነው። ምኒልክ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ፤ ገና ንጉሠ ነገሥት አልሆኑም። መቀመጫቸው እንጦጦ ላይ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍል ውኃው ወርደው ቦታውን ወደዱት፤ ቤት ተሠራ፤ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚለው ስም ተሰጠ። ይሄ እውነት ነው። ፍል ውኃው ያለበት ቦታ ከዚያ በፊት ስም ነበረው፤ ፊንፊኔ ይባል ነበር። ዙሪያውን የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች ይኖሩበት ነበር። ይሄም እውነት ነው። ማስረጃው ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ ታክሲ ላይ ረዳቱ የሚጮኸው ስም ነው። ጉለሌ የጎሳ ስም ነው። ገላንም የጎሳ ስም ነው። እርስዎ የሚኖሩበት የካም እንዲሁ ኤካ ከሚባለው ጎሳ የመጣ ስም ነው።

እዚያው የካ ላይ ሌላም ነገር አለ። ከተራራው ላይ ከድንጋይ የተፈለፈለ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል፤ ዋሻ ሚካኤል ይባላል። ዕድሜው አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ እጅግ ይቀድማል። በ1450 እ.ኤ.አ. ገደማ ፍራ ማውሮ የተባለ መነኩሴ ቬኒስ ውስጥ የሠራው የዓለም ካርታ ደግሞ ባራራ የምትባል የኢትዮጵያ ከተማ ያሳያል። አንዳንድ ተመራማሪዎች ባራራ ዛሬ አዲስ አበባ ባለችበት አካባቢ እንደነበረች ያምናሉ፤ ትክክለኛ ቦታዋ ግን አሁንም ያከራክራል። እንግዲህ የልጅዎ ሰፈር ስሙ ከኦሮሞ ጎሳ ነው፣ ተራራው ላይ የጥንት ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ሜዳው ላይ ደግሞ የትናንት ኮንዶሚኒየም ቆሟል። አንዱን ነግሮ ሌላውን የሚደብቅ ትምህርት ልጅዎን የራሷን ሰፈር እንዳታውቅ ያደርጋታል።

ሰው ወገንተኝነት ሲባል ውሸት ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ግን ውሸት አይደለም፤ ማስቀረት ነው። 1879 ዓ.ም.ን እንደገና ልውሰድ። አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዓመት ነው። የጨለንቆ ጦርነት የተካሄደውም በዚያው ዓመት ነው፤ የምኒልክ ጦር የሐረሩን አሚር አብዱላሂን አሸንፎ ሐረርን የያዘበት። አንዱ መምህር ከ1879 የእቴጌን ቤት ብቻ ኖት ቢያደርግ፣ ሌላው ጨለንቆን ብቻ ቢጽፍ፣ ሁለቱም አንድ ቃል አልዋሹም። ተማሪዎቻቸው ግን ያንኑ ዓመት ሁለት የተለያየ አገር አድርገው ይዘው ይወጣሉ።

ይሄ ጠብ ከሌላ ቦታ ይልቅ እናንተ ዘንድ ለምን እንደሚግል ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። ምክንያቱ መሬት ነው። የከተማው ጫፍ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም አብዛኛው የቆመው ትናንት ጤፍና ስንዴ ይዘራበት በነበረ መሬት ላይ ነው። ዕጣ ደርሶት የገባው ሰው ለዓመታት ቆጥቦ ነው የገባው። የተነሣው ገበሬ ልጅም አንዳንዴ እዚያው ትምህርት ቤት፣ እዚያው ዴስክ ላይ ይቀመጣል። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ተቃውሞ አስነሥቶ፣ ሕይወት ጠፍቶ፣ በ2008 ቀረ። በ2015 ለገጣፎን ጨምሮ በዙሪያው ያሉት ከተሞች ሸገር ከተማ በሚባል አስተዳደር ሥር ገቡ። በዚያው ዓመት በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች በባንዲራና በመዝሙር ምክንያት የተነሣውን ግጭት ልጆችዎም አይረሱትም። ልጆቹ «ማን ቆረቆራት?» ብለው ሲጨቃጨቁ ከጀርባው ያለው «የማን ናት?» የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ የታሪክ ትምህርት አይመልሰውም። ማን ምን ጊዜ የት እንደነበረ ማጥናት ይቻላል። ዛሬ ካሳ ለማን ይከፈል፣ ማን ያስተዳድር የሚለው ግን የሕግና የፖለቲካ ጉዳይ ነው። መምህሩ ሁለቱን ከቀላቀለ ተሳስቷል። ወላጅም ከቀላቀለ እንዲሁ።

ወገንተኝነቱ ትናንት የመጣ አይምሰልዎት። እርስዎ ተማሪ ሳሉም ነበረ፤ ወላጆችዎ ተማሪ ሳሉም ነበረ። በንጉሡ ዘመን በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የዘውዱን ዘር ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ይቆጥር ነበር። ሕገ መንግሥት ላይ የተጻፈን ነገር የትኛው የታሪክ መጽሐፍ ይጠይቃል? ደርግ ሲመጣ ያው ታሪክ የመደብ ትግል ሆነ፤ ነገሥታቱ ፊውዳል ተባሉ። ከ1983 በኋላ ደግሞ የብሔር ብሔረሰብ ጥያቄ መሐል ገባ፤ ብዙ ተረስቶ የኖረ ሕዝብ ስሙ ተነሣ፣ ቅሬታም አብሮ ተነሣ። ሦስቱም ቀድሞ የተረሳ ነገር አምጥተዋል፤ ሦስቱም የማይመቻቸውን ሸፍነዋል። «የድሮው መጽሐፍ ይሻል ነበር» የሚሉ ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚናፍቁት የለመዱትን ማዘንበል ነው።

በጣም ረቂቁ ማዘንበል ያለው ቃል ላይ ነው። ዘመነ መሳፍንትን እንይ። ከ1769 እስከ 1855 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ የመከፋፈልና የጨለማ ዘመን ተብሎ ነው የሚታወሰው። ጎንደር ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ልክ ነው፤ ንጉሡ ስም ብቻ ቀርቶለት ነበር። ግን በዚያው ዘመን፣ በተለይ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ ጊቤ ዙሪያ ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ የሚባሉ መንግሥታት ተደራጅተው፣ ንግዳቸው ደርቶ ነበር። ለጅማ ልጅ ያ ዘመን የመንግሥት ምሥረታ ዘመን ነው። የዘመኑ ስም ራሱ ወዴት ቆመን እንደምናይ ይናገራል።

ይሄ ወደ ትልቁ ልጅዎ መምህር ያመጣኛል። የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ታሪክ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። መምህሩ ደግሞ ልጆቹ እንዲገባቸው በአማርኛ ያስረዳል። ማዘንበሉ የሚገባው በዚያች ቅጽበት ነው። አንድ ጊዜ ከከተማው ዳር ባለ ትምህርት ቤት 10ኛ ክፍል ከኋላ ቁጭ ብዬ ትምህርት ስከታተል የሆነውን ልንገርዎት። መምህሩ ስለ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ዘመቻዎች እያስተማረ ነበር። ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ «ኤክስፓንሽን» ብሎ ጻፈ። ከመሐል ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ በአማርኛ ምንድን ነው? ወረራ ነው?» አለች። ከጀርባዋ አንድ ልጅ «ማቅናት ነው!» ብሎ ጮኸ። ሌላው «አንድነት ነው!» አለ። ክፍሉ ተንጫጫ። መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ «ወረራ፣ ማቅናት፣ ማስገበር፣ መስፋፋት፣ አንድነት» ብሎ አምስቱንም ጻፈ። «እያንዳንዱን ቃል የሚመርጠው ማን ነው?» ብሎ ጠየቃቸው። የቀረው ክፍለ ጊዜ በዚያ አለቀ። በሙያ ዘመኔ ካየኋቸው የታሪክ ትምህርቶች ሁሉ ከበለጡት አንዱ ያ ነው። ያ መምህር በጣም ደፋር ነበር። ብዙው መምህር ከአምስቱ አንዱን መርጦ ያልፋል። አንዳንዱ ደግሞ ፈርቶ ርዕሱን ጭራሽ ይዘለዋል፤ «ከመጽሐፉ አንብቡት» ብሎ። የክፍለ ጊዜው ማጠርና የተማሪው ብዛት ለዚህ ያመቹታል። መዝለልም ማዘንበል ነው፤ ልጁ የተዘለለውን ከቲክቶክ ይማረዋልና።

ስለዚህ ልጅዎ «ፖለቲካ ያስተምረናል» ሲልዎት ምን እንዳለ ቃል በቃል ይጠይቁት። መምህሩ መጽሐፉ ላይ ያለውን እርስዎ ቤት ከለመዱት በተለየ ቃል አስረድቶ ከሆነ፣ ያ ሥራው ነው፤ ይተዉት። የራሱን አቋም ብቸኛው እውነት አድርጎ ከሰጠ፣ ሌላ ሐሳብ ያነሣን ተማሪ ካፈነ፣ ያ ጥፋት ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህል ተጽእኖ ነፃ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል፤ ይህን ይዘው መናገር ይችላሉ። መምህሩ አንድን ሕዝብ ከሰደበ ወይም ተማሪን በብሔሩ ካሸማቀቀ ግን ያ የታሪክ ክርክር አይደለም፤ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው። ያኔ ሳይውል ሳያድር ርዕሰ መምህሩ ጋ ይሂዱ።

ለቀሩት ሁሉ መጀመሪያ መምህሩን ብቻውን ያነጋግሩት። «ልጄ እንዲህ ገባኝ ብሎ ነገረኝ፤ እርስዎ ያሉት እንዴት ነበር?» ብለው ይጀምሩ። ግማሹ ጉዳይ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ወደ ትምህርት ክፍሉ ተጠሪ፣ ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህሩ ይሂዱ። ነገሩ የብዙ ልጆች ከሆነ በወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት በኩል ይቅረብ። የመጨረሻው የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ነው። ሲሄዱ ደብተሩንና መጽሐፉን ሁለቱንም ይያዙ። «ይባላል» ይዘው ከሄዱ ባዶ እጅዎን ይመለሳሉ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ልጅዎ መምህሩን በስልክ ቀርፆ ቴሌግራም ወይም ቲክቶክ ላይ እንዳይለጥፍ። ከ40 ደቂቃ ትምህርት የተቆረጠች የ20 ሰከንድ ንግግር የሰው እንጀራ ታሳጣለች፤ ጊዜው ከከፋ ሕይወቱንም ለአደጋ ትጥላለች። ልጅዎም ከዚያ በኋላ እዚያ ክፍል በሰላም አይማርም። ሌላው፣ ለልጆቹ «መጽሐፋችሁ ውሸት ነው» አይበሏቸው። ነገ የሚፈተኑት ከዚያው መጽሐፍ ነው። የምርጫ ጥያቄ «እንደ እኔ አስተያየት» የሚል ቦታ የለውም። ፈተና ላይ መጽሐፉ ያለውን እንዲመልሱ፣ ቤት ግን እንዲጠይቁ ያስተምሯቸው። ልጆች ይህን መለየት ከምናስበው በላይ ይችሉበታል።

ወገን የሌለው መጽሐፍ ፍለጋም አይድከሙ። የማያዘነብል የታሪክ መጽሐፍ የለም፤ ማዘንበሉን የሚያይ አንባቢ ግን ሊኖር ይችላል። እናም የማሳስብዎ ይህን ነው። ዕድለኛ ነዎት፤ ሁለት ቢሮ ያዘጋጀው ሁለት መጽሐፍ በአንድ ቤት የሚገናኝበት ቤተሰብ ብዙ አይደለም። ሁለት ሳምንት አንዴ ቅዳሜ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ሁለቱን መጽሐፍ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አንድ ርዕስ ብቻ ይውሰዱ። የእህትዎ ልጅ መጽሐፍ በአፋን ኦሮሞ ከሆነ እሱ ይተርጉም፤ ልጅዎም ቋንቋ ትማርበታለች። ከዚያ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። እዚህ ያለ እዚያ የሌለው ምንድን ነው? አድራጊው ማን ተብሏል፣ ተደራጊውስ? ነገሩን የጻፈው ሰው አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ? መልሱን ልጆቹ ይጻፉት። እርስዎ ዳኛ አይሁኑ።

መጀመሪያ ላይ አዲስ አበባን አያንሡ፤ ገና ትኩስ ነው። በውጫሌ ውል ይጀምሩ። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ያ ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል። በዚያች አንድ ግሥ ምክንያት ነገሩ ተካሮ 1888 ላይ ዓድዋ ደረሰ። ልጆቹ የቃልን ክብደት ከዚህ በተሻለ የሚያዩበት ቦታ አላውቅም፤ እዚህ ላይ ደግሞ ሁለቱም አንድ ወገን ናቸው።

ከዚያ ወደ ከበደው ይሂዱ። ስለ 16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኦሮሞ እንቅስቃሴ አባ ባሕርይ የተባሉ መነኩሴ በ1593 እ.ኤ.አ. በግዕዝ ጽፈዋል። አባ ባሕርይ ጥቃቱ ከደረሰበት ወገን ስለነበሩ ቁጣ አለባቸው። ግን ስለ ገዳ ሥርዓት ዝርዝር ነገር ካቆዩልን ቀደምት ጽሑፎች አንዱ የእሳቸው ነው። ሽንፈቱንም በጠላት ላይ ብቻ አላሳበቡም፤ የራሳቸውን ማኅበረሰብ ዐሥር ቦታ ከፍለው የሚዋጋው አንዱ ክፍል ብቻ ነው ብለው ወቀሱ። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ያዘነበለ ምስክርም እውነት ሊይዝ እንደሚችል ያያሉ።

አዲስ አበባን ለመጨረሻው ያቆዩት። ያኔ ቤት ውስጥ አይሁን። ሁለቱን ልጆች ይዘው ዋሻ ሚካኤል ይውጡ፤ ከእናንተ ሰፈር ሩቅ አይደለም። የእህትዎ ልጅ የካ የሚለውን ስም ከየት እንደመጣ ያስረዳ፤ ልጅዎ ድንጋዩን ማን መቼ ፈለፈለው የሚለውን ትጠይቅ። ስትወርዱ መንገድ ላይ አንድ የሰፈሩን የቆዩ ሽማግሌ አግኝታችሁ፣ ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት እዚህ ምን ይዘራ እንደነበር ጠይቋቸው። ደብተር መያዝ እንዳይረሱ።